ከሃሞኩ በላይ ያለው ሸራ

በብርድ ወራት በሁለት ዛፎች መካከል በታሰረ ሃሞክ ውስጥ ማደር እንደሚቻል ስነግራችሁ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ ስለ ብርድ ልብሱ ነው። ከምን ተሠራ? ስንት ዲግሪ ድረስ ይችላል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔ ግን ዓይናችሁን ትንሽ ወደ ላይ እንድታነሡ እፈልጋለሁ። ሌሊቱን የሚወስነው ከሃሞኩ በላይ የሚዘረጋው ሸራ ነው። ብርድ ልብሱ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ነፋስ ከሥር እየገባ ሙቀቱን የሚጠርገው ከሆነ እስኪነጋ ስትንቀጠቀጡ ታድራላችሁ። በሞቃቱ ወራት ሸራ ጣሪያ ነው፤ ዝናብ ካላስገባ ሥራውን ጨርሷል። ከኖቬምበር እስከ ማርች ግን ግድግዳም መሆን አለበት። ስትመርጡትም ስትተክሉትም ይህን ከያዛችሁ አብዛኛው ውሳኔ ቀላል ይሆንላችኋል።

የማወራችሁ ስለ ሸናንዶዋ ነው። ዋሽንግተንና አካባቢዋ የምንኖር ብዙዎቻችን መንገዱን እናውቀዋለን፤ ኦክቶበር ላይ ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ሲሆን ልጆቹን መኪና ውስጥ አስገብተን በስካይላይን ድራይቭ ቀስ እያልን እንነዳለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ ሳይመሽ እንመለሳለን። ብሔራዊ ፓርኩ በ1935 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ሲሆን ከከተማው ቢርቅ 75 ማይል ነው። 105 ማይል የሚረዝመው ስካይላይን ድራይቭ የብሉ ሪጅን ተራሮች አናት ይዞ ይሄዳል፤ ከጆርጂያ እስከ ሜይን ከሚዘልቀው ከ2,190 ማይሉ የአፓላቺያን የእግር መንገድም 100 ማይል ያህሉ እዚሁ ፓርክ ውስጥ ነው። ቅጠሉ ረግፎ ሰዉ ሲበተን ደግሞ ተራራው ሌላ መልክ ያወጣል። በቅጠል ተጋርዶ የከረመው ሸለቆ ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል፤ ትንኝም አያስቸግርም። ጫካው ውስጥ ለማደር ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው። እሳት ማንደድ ግን በመጠለያ ጎጆዎቹ አጠገብ በተሠሩት ምድጃዎች ካልሆነ በስተቀር ክልክል ነው፤ ስለዚህ ብርዱን በእሳት እንመክተዋለን የሚለውን ሐሳብ ከወዲሁ ተዉት።

ሃሞክ ለምን ይበርዳል? መሬት ላይ የተኛ ሰው ነፋስ የሚያገኘው ከላይና ከጎን ብቻ ነው። የተንጠለጠለ ሰው ግን ዙሪያውን አየር ነው፣ ከጀርባውም ጭምር። ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ብትገቡም ከጀርባችሁ በኩል ያለው ላባ በክብደታችሁ ተጨፍልቆ ሙቀት የሚይዝበትን አየር ያጣል። መፍትሔው ከሃሞኩ ውጪ፣ ከሥሩ የሚታሰር ሌላ ብርድ ልብስ ነው፤ ልማደኞቹ አንደርኩዊልት ይሉታል። ማንም ስለማይተኛበት አይጨፈለቅም። ችግሩ ግን ነፋስ ፊት ለፊት የሚያገኘው እሱ መሆኑ ነው። ቴርሞሜትሩ ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያሳይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ካለ፣ ገላችሁ የሚሰማው ከዜሮ በታች 6 ወይም 7 ዲግሪ ነው። ሸራ በራሱ ሙቀት አያመነጭም። የሚያደርገው የሰውነታችሁን ሙቀት የያዘው አየር ባለበት እንዲቆም ነው።

ሸራ ነፋስ በሌለበት ሌሊትም ይጠቅማል። የደብረ ብርሃን ገበሬ ውርጭ የሚፈራው ሰማዩ ጥርት ብሎ ከዋክብቱ በሚያበሩበት ሌሊት ነው፤ ደመና ካለ ገብሱ ይተርፋል። ምክንያቱ አንድ ነው፦ ማንኛውም ነገር ሙቀቱን ወደ ጥርት ሰማይ እየለቀቀ ከዙሪያው አየር በታች ይቀዘቅዛል። ሸራው ከላያችሁ ሲሆን የደመናውን ሥራ ይሠራል። በማለዳ ሜዳው ሁሉ በአመዳይ ነጥቶ ሸራው የጋረደው መሬት ብቻ ቡናማ ሆኖ ስታዩት ነገሩ ይገባችኋል።

በ1955 እ.ኤ.አ. ኤማ ጌትዉድ የተባሉ የ67 ዓመት የኦሃዮ እናት የአፓላቺያንን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ብቻቸውን በእግራቸው ተጉዘው ጨረሱ። ይህን ያደረጉ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ጓዛቸው በገዛ እጃቸው የሰፉት ከረጢት ሲሆን፣ ለዝናብ የያዙት የመታጠቢያ ቤት ፕላስቲክ መጋረጃ ነበር! ይህን የምነግራችሁ ውድ ዕቃ ካልገዛን አይሆንም ብላችሁ እንዳትፈሩ ነው። ግን ልብ በሉ፦ እሳቸው የተጓዙት ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ነው። መጋረጃው ለዚያ ወቅት በቃ። ለጃንዋሪ አይበቃም፤ ጉድለቱም የጨርቁ ጥራት ሳይሆን ስፋቱ ነው።

እንግዲህ ስለ ስፋት እንነጋገር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። አብዛኛው የአዋቂ ሃሞክ 11 ጫማ፣ ማለትም 3.35 ሜትር ይረዝማል። ሲታሰር ግን እንደ ጀልባ ይጎብጣል እንጂ ቀጥ አይልም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርቀት ወደ 2.8 ሜትር ይወርዳል። በላዩ ላይ 3.35 ሜትር የሆነ ሸራ ብትዘረጉ በእያንዳንዱ ጫፍ የሚተርፋችሁ 28 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ለውሽንፍር ከዚህ ያነሰ አይበቃም፤ የተቻለው ሰው 12 ጫማ ቢገዛ እሰየው ነው። ወርዱ ደግሞ 10 ጫማ፣ ወይም 3 ሜትር ይሁን። ሲታጠፍ በየጎኑ 1.5 ሜትር ይወርዳል። አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የሸራው አናት ከመሬት 1.35 ሜትር ላይ ታስሯል እንበል። ጎኑን በ45 ዲግሪ ብትወጥሩት ጠርዙ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ በዚያ ክፍተት የሚገባው ነፋስ በቀጥታ የታችኛውን ብርድ ልብስ ያገኘዋል። በ60 ዲግሪ አስጠግታችሁ ብትተክሉት ግን ጠርዙ መሬቱን ሊነካ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይቀረዋል። ወርዱ 2.4 ሜትር የሆነ ሸራ በ60 ዲግሪም ቢተከል ከ30 ሳንቲ ሜትር በታች አይወርድም። ስለዚህ ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ ከወርዱ አትቁረጡ፤ ከሌላ ዕቃ ቀንሱ።

ቅርጽን በተመለከተ፣ በማዕዘኑ የሚዘረጋው ባለ አልማዝ ቅርጽ ሸራ ለሞቃቱ ወራት ሽርሽር ይቆየን። ባለ ስድስት ማዕዘኑ ቀላልና ቆንጆ ነው፤ ጫፎቹ ግን ክፍት ስለሆኑ ነፋስ አቅጣጫ ሲቀይር ትጋለጣላችሁ። ለብርድ ወራት የሚመረጠው በአራቱም ማዕዘን ተጨማሪ ክንፍ ያለው ነው። ክንፎቹ እንደ በር ወደ ውስጥ ይታጠፉና ሁለቱን ጫፎች ይዘጋሉ። በጀቱ ካልፈቀደ 12 በ10 ጫማ የሆነ ተራ አራት ማዕዘን ሸራ ግዙ፤ ማዕዘኖቹን ወደ ውስጥ አጥፎ ማሰር ከክንፍ ብዙ አያንስም።

ጨርቁ በሦስት ይከፈላል። ሲሊኮን የተቀባ ናይለን ጠንካራና ለስላሳ ነው፤ በረዶ ይንሸራተትበታል። ነገር ግን ናይለን ውሃ ሲጠጣ ይለጠጣል፤ ማታ እንደ ከበሮ የወጠራችሁት ሸራ ሌሊት ረግቦ ፊታችሁ ላይ ይወርዳል። ሲሊኮን የተቀባ ፖሊስተር በጣም ያነሰ ይለጠጣል፤ የመጀመሪያ ሸራችሁን የምትገዙ ከሆነ ምርጫዬ ያለ ማመንታት ይህ ነው። ሦስተኛው ዳይኒማ የሚባለው ነው፤ ክብደቱ የሌሎቹ ግማሽ ያህል ቢሆን ነው፣ አይለጠጥም፣ ውሃም አይጠጣም። ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፤ ሲታጠፍም ጓዝ ይሆናል። ሻጮች በትልቁ የሚጽፉት የውሃ መቋቋም ቁጥር፣ 1,500 ወይም 3,000 ሚሊ ሜትር የሚለው፣ ጨርቁ ሳያንጠባጥብ ምን ያህል ቁመት ያለው የውሃ ዓምድ እንደሚሸከም ያሳያል። 1,500 ለማንኛውም ዝናብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ላለው ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ። ከሃርድዌር መደብር የሚገዛው ሰማያዊ ፕላስቲክ ሸራስ? ይከብዳል፣ በነፋስም ይንኳኳል፤ ያም ሆኖ ስፋቱ በቂ ከሆነ ከጠባብ ውድ ሸራ ይሻላል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ፣ ወደ ቦታ መረጣ። ሸራ ግማሹን ሥራ የሚሠራው ገና ሳይዘረጋ፣ የምትቆሙበትን ዛፍ ስትመርጡ ነው። ብሉ ሪጅ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ የተዘረጋ ረጅም ሰንሰለት ነው። የብርድ ወራት ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ ስለሚመጣ ተራራው ራሱ ትልቁ ግድግዳችሁ ነው፤ ወደ ምሥራቁ ወይም ወደ ደቡብ ምሥራቁ ተዳፋት ወረድ በሉ። የጠዋት ፀሐይም ቀድማ የምታገኛችሁ እዚያ ነው። እንደ ቶርንተን ጋፕና ስዊፍት ረን ጋፕ ያሉት የተራራው ዝቅታዎች ለጥ ያሉና የሚጋብዙ ቢመስሉም ነፋስ የሚጨመቅባቸው በሮች ናቸው፤ እለፏቸው። ነፋስ ሸሽታችሁ እስከ ሸለቆው ወለል ድረስም አትውረዱ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነውና በጸጥተኛ ሌሊት እንደ ውሃ እየፈሰሰ እዚያ ይጠራቀማል። ከአናቱ ወረድ፣ ከወለሉ ከፍ ያለው ወገብ ላይ ያለው ቦታ ከሁለቱም ይሞቃል፤ ሃሞክ ደግሞ ደልዳላ መሬት ስለማይፈልግ ድንኳን ተካይ የማያገኘውን ይህን ወገብ ያለ ችግር ትጠቀሙበታላችሁ። ለእኔ የሃሞክ ትልቁ ጸጋ ይህ ነው።

ቀጥሎ ቀና በሉ። ከአራት እስከ አራት ሜትር ተኩል የሚራራቁ፣ ከጭናችሁ የሚወፍሩ ሁለት ጤነኛ ዛፎች ያስፈልጋችኋል። «ጤነኛ» የሚለውን አስምሩበት። ከእስያ የመጣች አረንጓዴ የምታብረቀርቅ ጥንዚዛ በ2002 እ.ኤ.አ. ሚሺጋን ውስጥ ከታየች ወዲህ አሽ የሚባለውን ዛፍ በሚሊዮን እየቆጠረች ስትገድል ሸናንዶዋንም አልማረችም። እጮቿ ከቅርፊቱ ሥር እየበሉ የዛፉን ምግብ መተላለፊያ ይቆርጡታል። በሞቃቱ ወራት የደረቀ ዛፍ ቅጠል በማጣቱ ወዲያው ይለያል፤ በብርድ ወራት ግን ሁሉም ራቁቱን ስለሆነ ያሳስታል። ቅርፊቱ በየቦታው ተልጦ ገርጣ ያለ ግንድ፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ ሥሩ ላይ የተከመረ የወዳደቀ ቅርንጫፍ ካያችሁ ሌላ ፈልጉ። የምታስሩበት ዛፍ ብቻ ሳይሆን ተሰብሮ ሊደርስባችሁ የሚችለው ጎረቤቱም ይመርመር። በረዶ የከበደው የደረቀ ቅርንጫፍ ሲወድቅ የትኛውም ሸራ አያስጥላችሁም።

ስትተክሉ ሸራው ይቅደም፤ ዝናብ ቢጀምር ከሥሩ ሆናችሁ ሃሞኩን በደረቅ ታስራላችሁ። ስትነቅሉም የመጨረሻው እሱ ይሁን። ስለዚህ ከቦርሳችሁ ውጪ ባለ ኪስ ይያዝ እንጂ ከታች አይቀበር። የአናቱን ገመድ ከዛፍ ዛፍ ወጥራችሁ ሸራውን በሁለት ትናንሽ የገመድ ቀለበቶች ያዙት። ካርል ፕሩሲክ የተባለ ኦስትሪያዊ ተራራ ወጪ በ1931 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ቋጠሮ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ ቀጭኑ ቀለበት በዋናው ገመድ ላይ ሦስት ጊዜ ይጠመጠማል፣ ሳይጎተት ይንሸራተታል፣ ሲጎተት ይነክሳል። ገመዱ በረዶ ከያዘ አንድ ዙር ጨምሩለት። በጓንት የማይፈታ ቋጠሮ ግን አትቋጥሩ፤ ጠዋት ጣታችሁ ደንዝዞ ገመዱም እንደ ሽቦ ደርቆ ታገኙታላችሁ።

ሃሞኩን የሚይዘው ቀበቶ ከአግድም 30 ዲግሪ ያህል ይውረድ። በዚህ ማዕዘን እያንዳንዱ ቀበቶ የሚሸከመው የእናንተን ሙሉ ክብደት ያህል ነው፤ ወጥራችሁ ወደ 15 ዲግሪ ብታመጡት ጭነቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። 30 ዲግሪው ለሸራውም ይበጃል፤ በትክክል የረገበ ሃሞክ ዝቅ ብሎ ስለሚያርፍ ሸራውን ዝቅ አድርጋችሁ መትከል ትችላላችሁ። በቀበቶው ላይ፣ ከሸራው ጠርዝ በታች፣ አንዲት አጭር ክር እሰሩ። በዛፉ ግንድ የሚወርደው ውሃ ቀበቶውን ተከትሎ ወደ መኝታችሁ ሲመጣ በክሯ በኩል መሬት ይንጠባጠባል።

የሸራውን ሰፊ ጎን ወደ ነፋሱ አዙሩና ያን ጎን እስከ መሬት ዝቅ አድርጉት። ነፋስ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ፊት ለፊት በሚያገኘው እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 12 ኪሎ ግራም ያህል ይጫናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ተዳፋት ሆኖ የተተከለ ሸራ ነፋሱን ያሻግረዋል፤ ቀጥ ብሎ የቆመው ግን ይጋፈጠዋል። ከአትላንቲክ ዳርቻ የሚወጣው ኖርኢስተር የሚባለው ማዕበል ደግሞ ሲመጣ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ፣ ሲያልፍ ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል። ስትተኙ በጎናችሁ በኩል የነበረው ነፋስ ሌሊት ወደ እግራችሁ ሊዞር ይችላልና የአራቱም ክንፎች ገመድ ሳትተኙ በፊት ተዘጋጅቶ ይጠብቅ።

ካስማ መምታት የማይቻልበት ጊዜ ብዙ ነው። የሸናንዶዋ አናት በብዙ ቦታ 570 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከሆነው የላቫ ድንጋይ የተሠራ ነው፤ አፈሩ ስስ ነው፣ ላዩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ካስማ ያጣምማል። እንደ ሚስማር ቀጭንና ጠንካራ ካስማ ያዙ፣ ካልሆነም ገመዱን ከድንጋይ፣ ከወደቀ ግንድ ወይም ከሥር ጋር እሰሩ። በረዶው ጥልቅ ከሆነ ገመዱን ወፍራም እንጨት ወገብ ላይ አስራችሁ እንጨቱን በአግድም ቅበሩት፤ በላዩ በረዶ መልሳችሁ በእግራችሁ ርገጡት። ግማሽ ሰዓት ስትቆዩ የተረገጠው በረዶ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ሲሚንቶ ይይዛል። ገመዶቹ መሐል አጭር ላስቲክ ብታስገቡ ጨርቁ ሲረግብ ራሱ ይወጥረዋል።

በረዶ ሲወርድ ለጥ ያለ ሸራ አደገኛ ነው። አዲስ የወረደ ቀላል በረዶ 10 ሳንቲ ሜትር ሲከመር በካሬ ሜትር እስከ 10 ኪሎ ግራም ይመዝናል፣ እርጥቡ ደግሞ ከዚያ በላይ። በ45 ዲግሪ የተተከለው ሸራችን 7 ካሬ ሜትር ያህል ይጋርዳል፤ ሒሳቡን ጨርሱት። ጎኑ ቁልቁል ከሆነ አብዛኛው በራሱ ይንሸራተታል፤ ሌሊት ከነቃችሁም ከውስጥ በእጃችሁ መታ መታ አድርጉት። ያም ሆኖ ከበረዶ ይልቅ የምፈራው አንድና ሁለት ዲግሪ ላይ የሚዘንበውን ዝናብ ነው። በረዶ ይራገፋል፤ ይህ ዝናብ ግን ላባውን ያረጥባል፣ የረጠበ ላባም አይሞቅም።

ሁሉን ከዘጋችሁ በኋላ ነፋሱ በማይመጣበት ጫፍ አንድ ስንዝር ክፍት ተዉ። ሌሊቱን ሙሉ የምትተነፍሱት እርጥበት መውጫ ካጣ ሸራው ላይ በረዶ ሠርቶ ነፋስ ባንቀሳቀሰው ቁጥር ፊታችሁ ላይ ይረግፋል። የጋዝ ምድጃ ግን በተዘጋ ሸራ ሥር በፍጹም አይለኮስ። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚያደርገውን ሁላችንም ሰምተናል፤ ጋዙም ያንኑ ሽታ የሌለውን መርዝ ያወጣል። ቡናችሁን ማፍላት ካማራችሁ አንዱን ጎን ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ፣ ሸራውን በበትር ወደ ላይ አንሥታችሁ እንደ በረንዳ ተጠቀሙበት። ነበልባሉ ከጨርቁ ይራቅ፤ አንዲት ፍንጣሪ ናይለንንም ፖሊስተርንም ታቀልጣለች።

ከመነሣታችሁ በፊት ስካይላይን ድራይቭ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ፤ በረዶ ሲወርድ ይዘጋል። ቤት ስትመለሱ ደግሞ ሸራው ከከረጢቱ ሳይወጣ እንዳያድር፤ እርጥብ ሆኖ ከከረመ ይሻግታል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወይም ጋራዥ ውስጥ ዘርግታችሁ አድርቁት። ሲደርቅ የአናቱን ስፌት ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩት፤ ነጥብ ነጥብ ብርሃን የሚያሳልፍ ቦታ ካለ በሲሊኮን ማጣበቂያ ድፈኑት። በሲሊኮን የተቀባ ጨርቅ ሌላ ማጣበቂያ አይቀበልም።